ያቺ ጤፍ የምታክል መዥገር

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ገና ለገባችሁ ወገኖቼ። ስለ ወረቀት፣ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ የሚመክራችሁ ሰው አታጡም። ስለ መዥገር ግን የሚያነሳ የለም፣ ለእኔም የነገረኝ አልነበረም። መዥገር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከብት ላይ ተጣብቃ ደም ስትመጥ ነው። ሰው ላይ ወጥታ ሆስፒታል ታስገባለች ብለን አንጠረጥርም። እዚህ ግን ታስገባለች።

በመጣሁ በሁለተኛው ሰመር ልጆቹን ይዤ ጫካ ዳር ያለ መናፈሻ ሄድኩ። ሳምንት ሳይሞላ ጭኔ ላይ ጠቆር፣ ወየብ ያለ ነገር አየሁ። የሆነ ቦታ ተጋጭቼ የበለዘ መሰለኝ። አያምም፣ አያሳክክም፣ ስለዚህ ተውኩት። ከሦስት ቀን በኋላ መዳፌን አከለ። ነርስ የሆነች ጓደኛዬ አየችውና "የበለዘ ነገር እየጠፋ ይሄዳል እንጂ አይሰፋም" ብላ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ላይም የሚባለው በሽታ ነበር። የነከሰችኝን መዥገር እስከ ዛሬ አላየኋትም።

ላይም ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት ካለ ከተማ ነው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ እዚያ አካባቢ ብዙ ልጆች ጉልበታቸው እያበጠ ነው ነገሩ የታወቀው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዓመት ወደ 476,000 ሰው ለላይም ሕክምና እንደሚወስድ ይገመታል። አብዛኛው ያለው በሰሜን ምሥራቅ፣ በቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ እንዲሁም በሚኒሶታና ዊስኮንሰን ነው። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸውን ቦታዎች ልብ በሉ። አውሮፓም ውስጥ ከስዊድን እስከ ጀርመን፣ ከኦስትሪያ እስከ ባልቲክ አገሮች ድረስ አለ።

ብዙ ጊዜ በሽታውን የምታስተላልፈው ገና ያላደገችው መዥገር ናት። ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ ያደገችው ደግሞ ሰሊጥ ታክላለች። ስትነክስ አታምም። ከዛፍ አትወድቅም፣ አትዘልም፤ ሣር ጫፍ ላይ እግሯን ዘርግታ ትጠብቅና የሚያልፈውን ሰው ወይም ውሻ ትይዛለች። ከዚያ ወደ ላይ እየወጣች ሙቅና ስውር ቦታ ትፈልጋለች።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ኢንተርኔት ላይ የላይም ሽፍታ ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣው ነጭ ቆዳ ላይ ያለ ቀይ ክብ ነው፣ መሐሉ ነጣ ያለ፣ ልክ እንደ ዒላማ። እኛ ቆዳ ላይ እንደዚያ ላይታይ ይችላል። ቡናማ፣ ወይን ጠጅ መሳይ ወይም የበለዘ ይመስላል። መሐሉም ሁልጊዜ አይነጣም። በዚህ የተነሳ ጥቁር ሰው ዘግይቶ ነው የሚታወቅለት፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል። ምልክቱ ቀለሙ ሳይሆን መስፋቱ ነው። ከተነከሳችሁ ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ወጥቶ በየቀኑ ከሰፋ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምሩበት፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱት። በማግሥቱ ከመስመሩ ካለፈ ለሐኪሙ የምታሳዩት ማስረጃ አላችሁ። ደግሞ ሽፍታ የማይወጣበትም ሰው አለ፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቶሎ ከተያዘ ይድናል። ብዙ ጊዜ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይበቃል፣ ለአንዳንዱ አሞክሲሲሊን ይሰጣል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ንገሩ። ዶክሲሳይክሊን በብዙ ውኃ ነው የሚዋጠው፣ ውጣችሁ ወዲያው አትተኙ፣ ከፀሐይም ተጠንቀቁ። ካልታከመ ግን ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ፊት ሊጣመም፣ ጉልበት ሊያብጥ፣ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ የደም ምርመራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት "የለም" ሊል ይችላል፣ ሰውነት ገና ፀረ እንግዳ አካል አላመረተምና። ላይም ባለበት አካባቢ ሽፍታው ግልጽ ከሆነ ምርመራ ሳይጠበቅ ነው ሕክምናው የሚጀመረው። "ምርመራህ ንጹህ ነው" ከተባላችሁና ሕመሙ ካልለቀቃችሁ ተመልሳችሁ ሂዱ።

ላይም ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሮኪ ማውንቴን ትኩሳት የሚባል አለ፣ ስሙ የተራራ ይሁን እንጂ በብዛት ያለው እነ ኖርዝ ካሮላይና፣ ቴነሲና ሚዙሪ ነው። ይሄ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ድንገተኛ ከባድ ትኩሳትና ራስ ምታት ይመጣል፤ ሽፍታው ከቀናት በኋላ ከእጅና ከእግር አንጓ ይጀምራል፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ለማየት ያስቸግራል። መድኃኒቱ ያው ዶክሲሳይክሊን ነው፣ ለሕፃንም ጭምር፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ከተጀመረ ነው በደንብ የሚያድነው። ሌላዋ መዥገር፣ ሴቷ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት፣ የቀይ ሥጋ አለርጂ ልታስይዝ ትችላለች። ሥጋ በልታችሁ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ሰውነታችሁ ከተንደበደበ ወይም ሆዳችሁን ከቆረጣችሁ ይሄን አስቡ፣ መተንፈስ ካቃታችሁ ግን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ መዥገር የምታመጣው የአንጎል ብግነት ያሰጋችኋል። ቫይረስ ስለሆነ የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው። የመጀመሪያው ዙር ሦስት መርፌ ነው፣ በየጊዜው ይደገማል። ጀርመን ውስጥ አደጋ ባለባቸው አካባቢዎች፣ ለምሳሌ ባየርን፣ የጤና መድን ይከፍለዋል። ተከተቡ። ክትባቱ ላይምን እንደማይከላከል ግን አትርሱ።

መዥገር ካገኛችሁ ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ያዙ። ሆዷን ሳይሆን ከቆዳው ጋር የተጣበቀውን ጭንቅላቷን ቆንጥጡና ቀስ ብላችሁ፣ ሳትጠመዝዙ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ቆዳው ትንሽ አብሮ ይነሳል፣ ከዚያ ትለቃለች። ቫዝሊን አትቀቡ፣ አልኮል አታፍስሱባት፣ በክብሪት አታቃጥሏት፤ ስትጨነቅ የያዘችውን ወደ ደማችሁ ትተፋለች። በጣታችሁም አትጨፍልቋት። የአፏ ቁራጭ ከቀረና በቀላሉ ካልወጣ ተዉት። ቦታውን በሳሙና ታጠቡ። መዥገሯን በፕላስተር አጣብቃችሁ አስቀምጡ፣ ቀኑን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። የላይም ባክቴሪያ ወደ ሰው እንዲያልፍ ብዙውን ጊዜ መዥገሯ ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት፣ ቶሎ መንቀል የሚጠቅመው ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ረጅም ሰዓት ቆይታ ከነበረ ሐኪሙ በ72 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ መከላከያ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ስለዚህ በማግሥቱ ደውሉ።

ሣርና ጫካ ስትሄዱ ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱት፣ ነጣ ያለ ልብስ ይሁን። ዲት ወይም ፒካሪዲን ያለበትን ማባረሪያ ቆዳ ላይ፣ ፐርሜትሪንን ልብስ ላይ ብቻ ተጠቀሙ። ስትመለሱ ልብሱን ሳታጥቡ በፊት ድራየር ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ አዙሩት፣ እጥበት ብቻውን አይገድላትም። ከዚያ ሻወር ውሰዱና ብብት፣ እምብርት፣ ጉልበት ጀርባ፣ ጆሮ ኋላ፣ ብሽሽት ፈትሹ። ፀጉሩ የተሠራ ልጅ ካላችሁ ዐይን አይበቃም፤ በየመስመሩ በጣታችሁ ጫፍ ዳብሱ፣ የምትቆረቁር ትንሽ ቅንጣት ካገኛችሁ በመብራት እዩ። ውሻውንም እንዲሁ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ከአፍሪካ እንደመጣችሁ ሲሰሙ ትኩሳቱን ወባ ብለው ሊጠረጥሩ ይችላሉ። ትክክል ነው፣ ይመርምሩ። እናንተ ግን የመዥገሯን ነገር ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ የት እንደነበራችሁ፣ መቼ፣ ስንት ቀን እንደሆነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር "ቲክ"፣ ጀርመን "ጼከ"፣ ስዊድን "ፌስቲንግ" በሉ። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሉ በነፃ አስተርጓሚ እንዲያቀርብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ፣ ልጃችሁ እንዲያስተረጉም አታድርጉ። ፎቶውንና በፕላስተር የያዛችኋትን መዥገር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡላቸው።