የልጅ እግር ወፈር ካለ ተጫኑት

ኮዬ ፈጬም ሆነ ሰንዳፋ ለምትኖሩ፦ ከራቀ ገጠር ዘመድ ልጅ ይዞ ሲመጣ ይቺን ያዙልኝ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ሁልጊዜ ከስቶ አይታይም። አንዳንዱ ፊቱ ሞላ፣ እግሩ ወፈር ይላል። «እሰይ፣ ተመችቶታል!» ይባላል። ግን እብጠት ሊሆን ይችላል።

የሁለቱንም እግሮቹን ጀርባ (ከጣቶቹ ከፍ ብሎ ያለውን የላይኛውን ገጽ) በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ያህል ተጫኑና ልቀቁ። ሁለቱም ላይ ጉድጓድ ከቀረ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የክንዱ ውፍረት ሲለካ ደህና ቢሆንም እንኳ ይህ ከባድ ምልክት ነው።

ካልጎደጎደም የክንዱን ውፍረት አስለኩት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ባለቀለም ጥብጣብ አላቸው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ ማለትም ከባድ ጉዳት፤ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ መካከለኛ ጉዳት።

ፕላምፒ ነት (ለተጎዱ ልጆች የሚሰጥ ከለውዝ የተሠራ ምግብ) ከሱቅ ገዝታችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ (መሸጡ ራሱ ያናድደኛል)። ጤና ጣቢያ መጀመሪያ ልጁ መብላት መቻሉን ይፈትናሉ፣ እንደ ክብደቱም ይመጥኑለታል።

ደህና ለሆነው ልጅ ደግሞ አጥሚቱን አታቅጥኑት። ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት የለውም። ከማንኪያ የማይፈስ ገንፎ ሥሩለት፤ ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ ከተገኘም እንቁላል።