ባለ ካሬ ዳንቴል በኪሮሽ፦ ከክር ምርጫ እስከ ስታርች

የሶፋ መደገፊያና ክንድ ላይ የሚጣለው፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚለብሰው፣ በቡና ሰዓት ትሪ ላይ የሚነጠፈው ዳንቴል አብዛኛው በካሬ የሚሠራ ነው። ካሬው ሁለት ዓይነት ነው፦ መሐሉ ባዶ የሆነ ክፍት ካሬና በክር የተሞላ ድፍን ካሬ። አበባውም፣ መስቀሉም፣ ወፉም፣ ፊደሉም ከእነዚህ ከሁለቱ ይወጣል። ስለዚህ ይህ ሥራ ከእጅ ፍጥነት ይልቅ ቆጠራ ይፈልጋል። ተጣሞ የወጣ ዳንቴል ሲመረመር ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ቦታ ባንዱ ይገኛል፤ ወይ በመነሻው ሰንሰለት፣ ወይ በረድፉ ጠርዝ። እዚህም ረዘም አድርገን የምንቆየው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

ክርና ኪሮሽ

በዳንቴል ክር ላይ የተጻፈው ቁጥር ሲጨምር ክሩ እየቀጠነ ይሄዳል። 10 ቁጥር ወፈር ያለ ነው፣ 20 መካከለኛ፣ 40 ደግሞ በጣም ቀጭን። ጀማሪ በ10 ቁጥር ነጭ ወይም ክሬም ክር ይጀምር፤ ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ላይ ቀለበቶቹ ስለማይታዩ ዓይን ያደክማሉ፣ ቆጠራም ያሳስታሉ። ለ10 ቁጥር ክር 1.5 ሚሊ ሜትር የብረት ኪሮሽ፣ ለ20 ቁጥር 1.25፣ ለ40 ቁጥር 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ይስማማል። ለሹራብ ክር የሚሆነው 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ እዚህ አይሠራም። ኪሮሹ ክሩን እየሰነጠቀ ግማሹን ብቻ የሚስብ ከሆነ ቀጥኗል፤ ቀለበቶቹ ተንዘላዝለው ካሬው ቅርጹን የሚያጣ ከሆነ ወፍሯል።

ከክር ዓይነት ደግሞ የሚያብረቀርቀውን፣ መርሰራይዝድ የሚባለውን ጥጥ ምረጡ። እንግሊዛዊው ጆን መርሰር በ1844 እ.ኤ.አ. ጥጥ በኮስቲክ ሶዳ ሲነከር እንደሚጠነክርና ቀለም የመያዝ አቅሙ እንደሚጨምር አገኘ። በ1890 ደግሞ ሆራስ ሎው ክሩ በሚነከርበት ጊዜ ተወጥሮ እንዲቆይ በማድረግ ዛሬ የምናየውን አንጸባራቂነት አመጣ። እንዲህ ያለው ክር ጭረቱ ስለማይነሳ የካሬው ቀዳዳ ጥርት ብሎ ይታያል። አክሪሊክ ክር ስታርች በደንብ አይዝም፣ በካውያም ይቀልጣል። የክሩን ምንነት ለማወቅ አንድ ጣት የሚያህል ቆርጣችሁ በወረንጦ ይዛችሁ አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፤ አክሪሊክ ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይተዋል።

ሁለቱን ካሬዎች መሥራት

ካሬዎቹ የሚሠሩት በሁለት ጥልፍ ነው። የመጀመሪያው ሰንሰለት ነው፤ ክሩን በኪሮሹ አፍ ይዞ በቀለበቱ ውስጥ ማሳለፍ ማለት ነው። ሁለተኛውን እዚህ ቋሚ እንለዋለን። ክሩን አንዴ ኪሮሹ ላይ ጠምጥሙ፤ ኪሮሹን ከታች ባለው ዓይን አስገብታችሁ ክር ሳቡ፤ አሁን ኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበት አለ። ክር ይዛችሁ በሁለቱ አሳልፉ፣ ሁለት ይቀራል። እንደገና ክር ይዛችሁ በቀሩት በሁለቱ አሳልፉ። አንድ ቋሚ ተሠራ።

ክፍት ካሬ፦ አንድ ቋሚ፣ ሁለት ሰንሰለት፣ ከታች ሁለት ዓይን ዘልሎ ሌላ ቋሚ። ድፍን ካሬ ሲሆን በሁለቱ ሰንሰለት ፈንታ ሁለት ቋሚ ይገባል። ጎን ለጎን ያሉ ካሬዎች መሐል ላይ ያለውን ቋሚ ይጋራሉ። ስለዚህ አንድ ድፍን ካሬ 4 ቋሚ፣ ሁለት ተከታታይ ድፍኖች 7፣ ሦስት ደግሞ 10 ቋሚ አላቸው፤ የካሬውን ብዛት በ3 አባዝቶ 1 መጨመር ነው። ይህን ሒሳብ የያዘ ሰው ማንኛውንም ካሬ ንድፍ ያነባል።

ድፍን ካሬ በክፍት ካሬ አናት ላይ ሲወድቅ ሁለቱን መሐለኛ ቋሚዎች በሰንሰለቱ ዓይን ውስጥ ከማስገባት በባዶው ቦታ ማስገባት ይሻላል። ፈጣን ነው፣ ውጤቱም ንጹሕ ነው። ሰንሰለቱን መውጋት ክሩን ይሰነጥቃል፣ ስህተት ተገኝቶ መፍታት ሲያስፈልግም ያስቸግራል።

መለማመጃ፦ የመስቀል ምስል ያለው የስኒ ማስቀመጫ

ስፋቱ 15 ካሬ፣ ቁመቱ 15 ረድፍ ነው። በ10 ቁጥር ክር ሲሠራ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወጣዋል። ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ንድፉን ከየትኛው ወገን አነበባችሁት ለውጥ የለውም።

የመነሻው ሰንሰለት ስሌት ይህ ነው። የመጀመሪያው ካሬ ክፍት ከሆነ የካሬውን ብዛት በ3 አባዝታችሁ 5 ጨምሩ፤ 15 በ3 ሲባዛ 45፣ ሲደመር 5፣ 50 ሰንሰለት። የመጀመሪያው ቋሚ ከኪሮሹ ስትቆጥሩ 8ኛው ሰንሰለት ላይ ይገባል። የተዘለሉት ሰባቱ የመጀመሪያውን ቋሚ፣ የላዩን ክፍተትና የታቹን ክፍተት ተክተው ይቆማሉ። የመጀመሪያው ካሬ ድፍን በሆነ ንድፍ ደግሞ በ5 ፈንታ 3 ይደመራል፣ ቋሚውም 4ኛው ሰንሰለት ላይ ይገባል።

1ኛና 2ኛ ረድፍ፦ ሙሉ በሙሉ ክፍት፣ 15 ካሬ።
ከ3ኛ እስከ 6ኛ፦ 6 ክፍት፣ 3 ድፍን፣ 6 ክፍት።
ከ7ኛ እስከ 9ኛ፦ 2 ክፍት፣ 11 ድፍን (34 ቋሚ)፣ 2 ክፍት።
ከ10ኛ እስከ 13ኛ፦ እንደ 3ኛው።
14ኛና 15ኛ፦ ሙሉ በሙሉ ክፍት።

ረድፍ ጨርሳችሁ ስትዞሩ 5 ሰንሰለት ሥሩ፤ ሦስቱ የመጀመሪያው ቋሚ ናቸው፣ ሁለቱ የክፍተቱ አናት። ከዚያ የመጀመሪያውን ቋሚ ዘልላችሁ በሚቀጥለው ቋሚ ራስ ላይ ቋሚ ሥሩ። ሰንሰለቱ የቆመው ዘለላችሁት ቋሚ ላይ ነውና እዚያ ሌላ ቋሚ ካስገባችሁ ካሬ ይጨምራል፣ ሥራው ወደ ጎን ይሰፋል። በሌላው ጫፍ የረድፉ የመጨረሻ ቋሚ የሚገባው በታችኛው ረድፍ መዞሪያ ሰንሰለት 3ኛው ዓይን ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው፤ ሲዘነጋም በየረድፉ አንድ ካሬ እየጎደለ ሥራው እየጠበበ ይሄዳል። ለመዳን ቀላሉ ዘዴ፣ 5ቱን ሰንሰለት ስትሠሩ 3ኛዋ ላይ ባለ ቀለም ትርፍራፊ ክር ማንጠልጠል ነው። ስትመለሱ ዓይናችሁ በቀጥታ እዚያ ያርፋል። ረድፉ ባለቀ ቁጥር ደግሞ ካሬውን ቁጠሩ። አንድ ረድፍ መፍታት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ከሃያ ረድፍ በኋላ የተገኘ ጉድለት የቀኑን ድካም ያስፈታል።

ምስሉ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ፣ በተለይ ስም ወይም ፊደል ከሆነ፣ ንድፉ ከታች ወደ ላይ ይነበባል። ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ሰው 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ ረድፎች ከቀኝ ወደ ግራ፣ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ ረድፎች ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። ይህ ካልተጠበቀ ምስሉ ተዘበራርቆ ይወጣል። ንድፉን ለመሳል ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ከበቂ በላይ ነው። የጨረሳችሁትን ረድፍ በእርሳስ አስምሩበት፤ ሥራውን አቋርጣችሁ ስትመለሱ የት እንደነበራችሁ ያሳያችኋል።

ትልቁን ሥራ ማስላት

ሁለት ሰው በአንድ ክርና በአንድ ኪሮሽ ሠርቶ እኩል መጠን አያገኝም፤ የእጅ ጥብቀት ይለያያል። መለማመጃውን ሳትወጥሩ አስተኙና 10 ካሬ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ለኩ። 8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንዱ ካሬ 8 ሚሊ ሜትር ነው። 40 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጠረጴዛ ልብስ ካስፈለገ 50 ካሬ በ100 ረድፍ ይመጣል። ግን መስቀሉ በትክክል መሐል ላይ እንዲውል ከተፈለገ ስፋቱም ቁመቱም ጎዶሎ ቁጥር መሆን አለበት፤ 11 ካሬ ስፋት ያለው መስቀል ከ50 ላይ እኩል አይካፈልም። 51 ካሬ ሲሆን ግራና ቀኝ 20፣ 20 ይቀራል። ስለዚህ 51 በ3፣ 153፣ ሲደመር 5፣ 158 ሰንሰለት፤ ረድፉም 101።

ክሩን ለመገመት ልቃቂቱን ከመጀመራችሁ በፊትና 10 ረድፍ ከሠራችሁ በኋላ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ። 7 ግራም ከቀነሰ 101 ረድፍ 71 ግራም አካባቢ ይወስዳል፤ ለጠርዝና ለመጠባበቂያ ሩብ ያህል ጨምሩ፣ 90 ግራም። ድፍን ካሬ ከክፍቱ የበለጠ ክር ይበላልና ምስሉ ብዙ ከሆነ ግምቱን ከፍ አድርጉ። ሁሉንም ልቃቂት በአንድ ጊዜ ግዙ፤ ወረቀቱ ላይ የማቅለሚያ ቁጥር ካለ አንድ ዓይነት መሆኑን ተመልከቱ። ነጭም ቢሆን ከሌላ ጊዜ ማቅለሚያ ከመጣ ነጭ ጋር ሲጋጠም ልዩነቱ ይታያል።

ረጅም ሰንሰለት ሲቆጠር በየ30ው ባለ ቀለም ክር ማሰር ያሳርፋል። ስድስት ያህል ትርፍም ሥሩ። የተረፈው ከመነሻው በኩል ቋጠሮው ተፈትቶ ሊወጣ ይችላል፣ ያነሰ ግን ሙሉ ረድፉን ያስፈታል።

ሲበላሽ ምክንያቱ

ታቹ ጠብቦ ላዩ የሰፋ ሥራ ሰንሰለቱ ጠብቆ የተሠራ ነው። ሰንሰለቱን በ1.75 ኪሮሽ፣ ቀሪውን በ1.5 ብትሠሩ ይስተካከላል። ካሬው ቁመቱ ከበዛ ቋሚውን ስትጀምሩ የምትስቡትን የመጀመሪያ ቀለበት አሳጥሩ፤ ካጠረም ከፍ አድርጋችሁ ሳቡ። ድፍኑ ቦታ ሰፍቶ ዙሪያው ተሰብስቦ ከታየ ሁለቱን የክፍተት ሰንሰለቶች በጣም አጥብቃችኋል። ካሬዎቹ ወደ አንድ ወገን ትንሽ ዘንበል ማለታቸው የቋሚው ጠባይ ስለሆነ አያስደንግጥ፤ በመጨረሻ በእስፒል ሲወጠር ይስተካከላል።

ክሩ እየተጠማዘዘ ካስቸገረ ቀለበቱን በመርፌ ቁልፍ ይዛችሁ ሥራውን አንጠልጥሉትና ራሱ ዞሮ እስኪያቆም ተዉት።

አዲስ ልቃቂት ሲገባ ቋጠሮ አትሥሩ። በክፍት ካሬ ላይ ይታያል፣ በሚያንሸራትት ክር ላይ ደግሞ ይፈታል። አሮጌው ክር 10 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው፣ በድፍን ካሬ መሐል፣ የቋሚውን የመጨረሻ ሁለት ቀለበት በአዲሱ ክር ዝጉ። ጫፎቹን በቀጭን መርፌ በቋሚዎቹ ሥር 4 ሳንቲ ሜትር ያህል አሳልፋችሁ፣ አቅጣጫ ቀይራችሁ ጥቂት መልሱና ቁረጡ። መልሱ ከቀረ በሁለተኛው እጥበት ጫፉ ይወጣል።

ጠርዙ

ዙሪያውን ክር ሳይጠመጠም በሚሠራ አጭር ጥልፍ ክበቡት፦ ኪሮሹን አስገቡ፣ ክር ሳቡ፣ ክር ይዛችሁ በሁለቱ አሳልፉ። በየካሬው 3፣ በየማዕዘኑ 5። ጥርስ ለማውጣት በየስድስተኛው አጭር ላይ 3 ሰንሰለት ሠርታችሁ ወደ ተነሣችሁበት ዓይን አያይዙ። ጠርዙ ከተወዛወዘ ጥልፉ በዝቷል፤ ማዕዘኑ ወደ ላይ ከተጠቀለለ አንሷል።

ማጠብና ስታርች

የተሠራ ዳንቴል ከእጅ ላብና ከአቧራ አይጸዳም፤ ስታርች ሳይነካው በፊት ለብ ባለ ውኃና በነጭ ሳሙና ሳትፈትጉ እየጨመቃችሁ እጠቡ። አትጠምዝዙት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት። በረኪና ነጭ ያደርጋል፣ ግን ደጋግሞ የነካው ጥጥ ክር ይደክማል፣ ከታጠፈበት ላይም ይበጠሳል። ከዕጣንና ከከሰል ጭስ ለመጣ ብጫ፣ ሳሙና እንደ ነካው እርጥቡን ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ እያራሱ ማዋል ረጅም ቢሆንም ክሩን አይጎዳም። ቡና ሲፈስበት ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ከጀርባ በኩል አሳልፉበት።

ለስታርች አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በሩብ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ፤ በሚፈላ ሁለት ኩባያ ውኃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩና እስኪጠራ ድረስ አንድ ሁለት ደቂቃ አብስሉ። በሙቅ ውኃ ላይ በቀጥታ የተነሰነሰ ዱቄት ይጓጉላል፣ ጓጉሉም ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ሆኖ ክሩ ላይ ይቀራል። ለብ ሲል ዳንቴሉን ነክራችሁ ጨምቁ። ቀጥ ብሎ እንዲቆም ለሚፈለግ ጌጥ ስኳርና ውኃ እኩል ለእኩል አፍልቶ መንከር ይበልጥ ያደርቃል፤ ሆኖም ጉንዳን ይጠራልና ምግብ ባለበት ክፍል አይመከርም።

እርጥቡን በስፖንጅ ፍራሽ ላይ ፎጣ አንጥፋችሁ ወጥሩ። መጀመሪያ አራቱን ማዕዘን በሜትር ለክታችሁ በእስፒል ያዙ፣ ከዚያ የየጎኑን መሐል፣ በመጨረሻ በየ3 ሳንቲ ሜትሩ። የዛገ ወይም የሚዝግ እስፒል በእርጥብ ነጭ ክር ላይ የማይለቅ ቡናማ ነጥብ ይተዋል፤ የማይዝግ ከሌለ የልብስ ስፌት መርፌ ከዛገው እስፒል ይሻላል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትንቀሉ። ካውያ ካስፈለገ በጀርባው፣ ወፍራም ፎጣ ላይ፤ ከፊት የተተኮሰ ድፍን ካሬ ይጨፈለቅና ምስሉ ይደበዝዛል።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ዳንቴል ስታርቹ ታጥቦ ይውጣለት፤ ስታርች ሲቆይ ይበጫል፣ ተባይም ይስባል። በነጭ ጨርቅ ጠቅልሉት እንጂ አትጠፉት፤ ክሩ መጀመሪያ የሚበጠሰው በማጠፊያው መስመር ነው።