የአያትን ምላጭ ከሣጥን አውጥቶ ጺም መላጨት

ቅዳሜ ከሰዓት አያቴ ለእሑድ ቅዳሴ ሲዘጋጁ ግቢያችን ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጡ ነበር። መስታወቱ ግንዱ ላይ በሚስማር ተንጠልጥሏል። ሙቅ ውሃ የሞላው ጣሳ አጠገባቸው ነው። ከዚያ ያንን የሚታጠፍ ምላጭ ይከፍቱታል። እኔ የምወደው ድምፁን ነበር። የጤፍ ዱቄት በወንፊት ሲነፋ እንደሚሰማው ያለ፣ ደረቅ እና ለስላሳ ድምፅ።

ዛሬ ምላጩ እኔ ጋ ነው። በሳምንት አንዴ በእሱ እላጫለሁ፤ ከሱቅ የሚገዛው የፕላስቲክ ምላጭ የማይሰጠኝን ነገር ይሰጠኛል። ቆዳዬ አይቆጣም፣ አንገቴ ላይም ሽፍታ አይወጣም። እናንተም ቤት የቆየ ሣጥን ካለ ፈትሹት። ካገኛችሁ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ምላጩን እወቁት። ከእጀታው አጠገብ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ሶሊንገን የሚል ከሆነ የጀርመን ነው፤ ሼፊልድ የሚል ከሆነ የእንግሊዝ። ሁለቱም በስለት ሥራ ለብዙ መቶ ዓመታት ስማቸው የገነነ ከተሞች ናቸው። የወርዱ መለኪያ የኢንች ስምንተኛ ነው። 5/8 ማለት 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ለጀማሪም እሱ ይመቻል። ስለቱ ላይ ስንጥቅ ካለ ይቅርባችሁ። ዝገቱ ጀርባው ላይ ብቻ ከሆነ ግድ የለም። ስለቱ ድረስ በልቶት ከሆነ ግን ለማስታወሻ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ማጽዳት ነው። በሳሙና እና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት፤ ከዚያ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉት። አትቀቅሉት። የብዙዎቹ እጀታ ከእንጨት፣ ከቀንድ ወይም ሴሉሎይድ ከሚባል ከድሮ የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ስለሆነ በፈላ ውሃ ይጣመማል። ሴሉሎይድ ደግሞ ሲያረጅ ብረት የሚያዝግ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ እጀታው ከተሰነጣጠቀና ኃይለኛ ሽታ ካመጣ ምላጩን አጥፋችሁ አታስቀምጡት፤ እጀታውን አስቀይሩት።

ስለቱን ማውጣት

ሰው የሚፈራው ስል ምላጭን ነው። እኔ የምፈራው ደነዙን ነው። ስሉ ፀጉሩን ቆርጦ ያልፋል። ደነዙ ይጎትታል፤ ሲጎትት እናንተም ሳይታወቃችሁ መጫን ትጀምራላችሁ፤ ቆዳ የሚቆረጠው ያን ጊዜ ነው።

ቢላ በሸክላ ሳህን ቂጥ መሳል ለምደናል። ምላጭ ግን እንደዚያ አይሆንም። ሞረድም አይነካውም። የሚፈልገው ለስላሳ የመሳያ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዮቹ እንደ ልስላሴያቸው ቁጥር አላቸው። 1000 የደነዘውን ስለት ከሥሩ ይሠራል፣ 4000 ያስተካክላል፣ 8000 ያለሰልሳል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሽቶ ከማስመጣት እነዚህን አስመጡ። አንዴ ከያዛችኋቸው ዕድሜ ልካችሁን ይኖራሉ።

ድንጋዩን ውሃ አርከፍክፉበት። ምላጩን ጀርባውም ስለቱም እኩል እንዲነኩ አድርጋችሁ አጋድሙት። ማዕዘኑን የሚጠብቅላችሁ ጀርባው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ከድንጋዩ ላይ ፈጽሞ አታንሡት። ስለቱን አስቀድማችሁ ግፉ። ጫፍ ስትደርሱ በጀርባው ገልብጡና መልሱ። አትጫኑ። የምላጩ ክብደት ይበቃዋል። 1000 ላይ ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ ሌሎቹ ላይ ቶሎ ያልቃል። መድረሱን ለማወቅ ስለቱን ወደ አምፖል አዙሩና እዩት። የደነዘ ወይም የተሸረፈ ቦታ ብርሃን ያንጸባርቃል። የተሳለው ግን ምንም አይታይበትም። ከዚያ የክንዳችሁን ፀጉር ሞክሩ። ቆዳ ሳይነካ ፀጉሩን ከቆረጠ ደርሷል።

ድንጋዩ የሚያስፈልገው በየጥቂት ወሩ ነው። ስለቱ የሚጠረግበት የበሬ ቆዳ ግን በየመላጨቱ ያስፈልጋል። ስድስት ወይም ሰባት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በደንብ የለፋ ለስላሳ ቆዳ ከቆዳ ሠራተኛ አስቆርጡ። አንድ ጫፉን መስኮት ላይ እሰሩ፣ ሌላውን በግራ እጃችሁ ወጥሩ። እኔ ከቆዳው በፊት የእናቴን አሮጌ የጥጥ መቀነት እጠቀማለሁ። ምላጩን መቀነቱ ላይ 20 ጊዜ፣ ቆዳው ላይ 50 ጊዜ ደርሶ መልስ አስኬደዋለሁ።

እዚህ አቅጣጫው የድንጋዩ ተቃራኒ ነው። ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ስትመልሱም በጀርባው ነው የምትገለብጡት። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ፈጠንኩና በስለቱ በኩል ገለበጥኩት። አዲሱ ቆዳዬ መሀሉ ላይ ተሰነጠቀ፤ ምላጩንም እንደገና ከ1000 ጀምሬ መሳል ነበረብኝ። ፍጥነቱ ሲለምዱት በራሱ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ አንድ፣ ሁለት እያላችሁ በቀስታ ሂዱ።

ፊትን ማዘጋጀት

ከሻወር በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ካልሆነ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ ጨምቁና ጺማችሁ ላይ ለሁለት ደቂቃ አቆዩት። ውሃ የጠጣ ጺም ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥም ይቀላል። ውሃው የቧንቧ ይሁን። የሐይቁ ዳር ሰዎች ነንና ይህን ሳልናገር አላልፍም፦ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚገባው በቆዳ በኩል ነው። የተላጨ ፊት በጥሬ የሐይቅ ውሃ አይታጠብም።

የጺም ብሩሽ ካላችሁ ሳሙናውን በእሱ ምቱት። አረፋው የወፈረ እርጎ እስኪመስል ድረስ ነው የሚመታው። ትልልቅ ፊኛ ካለው ውሃ በዝቷል፤ ፊት ላይ ከደረቀ ውሃ አንሷል። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት አረፋውን ቶሎ ያደርቀዋል። ያን ጊዜ ግማሽ ፊት ብቻ ቀብታችሁ ላጩ፣ ከዚያ ሌላውን።

መላጨት

አውራ ጣታችሁን ከሥር፣ ሦስት ጣቶቻችሁን ከላይ፣ ትንሿን ጣት ከመታጠፊያው ኋላ በወጣችው የብረቱ ጭራ ላይ አሳርፉ። እንደ እስክሪብቶ ላላ አድርጋችሁ ነው የምትይዙት። ምላጩን ጉንጫችሁ ላይ አስተኙት፤ ከዚያ ጀርባውን ወደ 30 ዲግሪ፣ ማለትም የቀጥታ ማዕዘን አንድ ሦስተኛ ያህል አንሡት። በጣም ካስተኛችሁት ፀጉር ይጎትታል፤ በጣም ካቆማችሁት ይቆርጣል።

በሌላኛው እጃችሁ ቆዳውን ወደ ላይ ወጥሩ። ከጆሮ ሥር ጀምራችሁ ሁለት፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ እየሄዳችሁ ወደ ታች ውረዱ። ያ የወንፊት ድምፅ ከተሰማችሁ በትክክል ይዛችኋል። ካልተሰማ ማዕዘኑን ትንሽ ለውጡ። አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ፦ ምላጩን እንደ መጋዝ ወደ ጎን አታንሸራቱ። መጥፎዎቹ ቁስሎች በብዛት የሚመጡት ከዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሁለቱን ጉንጮች ብቻ ላጩ። ቀሪውን በተለመደው ምላጫችሁ ጨርሱ። ከዚያ አንገት ይከተላል፤ እዚያ ፀጉሩ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ሊተኛ ስለሚችል አስቀድማችሁ በጣታችሁ ዳብሱ። አገጭ እና ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለው መጨረሻ ላይ ይሁን። አገጭ ክብ ስለሆነ ቆዳውን ወደ አጥንቱ ጎን ስባችሁ በትንንሽ ምት ነው የሚላጨው።

ሁልጊዜ ፀጉሩ ወደ ተኛበት አቅጣጫ ሂዱ። ይበልጥ ለማለስለስ ብላችሁ በተቃራኒው አትላጩ። የእኛ ጺም ጠመዝማዛ ነው፤ ከሥሩ በጣም ሲቆረጥ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባና ያብጣል። ያ አንገት ላይ የምናየው ጠጠር የመሰለ እብጠት ከዚህ የሚመጣ ነው። ሁለተኛ ዙር ከፈለጋችሁ እንደገና አረፋ ቀብታችሁ በጎን በኩል ሂዱ፣ ይበቃል። ቁስላችሁ ሲድን ጠባሳው የሚያብጥ ከሆነ ደግሞ ይህን ምላጭ ባትሞክሩት እመርጣለሁ።

እጃችሁ ገና ካልጠና በፀጉር ቤቱ መሣሪያ መጀመር ይቻላል። ግማሽ ምላጭ የሚገባበት እጀታ ነው፤ አያያዙ ተመሳሳይ ነው፣ መሳልም አያስፈልገውም። ብቻ እሱ ይበልጥ ስለታም ስለሆነ እጃችሁ ከአያት ምላጭም በላይ ይቅለል።

ምላጫችሁን ለወንድም ቢሆን አታውሱ። ኤችአይቪም ሄፓታይተስ ቢም በደም ይተላለፋሉ፤ ዐይን የማያየው ጠብታ ይበቃቸዋል።

ከተላጩ በኋላ

ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፣ በፎጣ ሳትፈትጉ ቀስ ብላችሁ አድርቁ። የእሬት ቅጠል ግቢ ውስጥ ካለ ቆርጣችሁ ቢጫው መራራ ፈሳሽ እስኪወርድ ጠብቁ፤ ከውስጥ ያለውን ጥርት ያለ ልጥልጥ ቀቡ። ትንሽ ከደማ ንጹሕ ጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ጫን አድርጋችሁ ያዙበት።

ምላጩን አጥባችሁ አድርቁ፤ እጀታው መታጠፊያ ውስጥ የገባውን ውሃ አትርሱ። የቆየ ምላጭ ብረቱ ካርቦን ስቲል ነውና በአንድ ሌሊት ይዝጋል። አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በጣታችሁ ከጀርባው ወደ ስለቱ አልብሱት። መታጠቢያ ቤት አታስቀምጡት፣ ሕፃን ከሚደርስበትም አርቁት። እኔ የአያቴን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን አናት ላይ አኖረዋለሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም የሐይቁ እርጥበት ቤት ድረስ ስለሚገባ፣ ባልላጭበትም በየሳምንቱ ፈትቼ አየዋለሁ፣ ዘይቱንም አድሳለሁ።