የሳሩን ትኬት ቁረጡ
ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ በዚህ ሰመር ቨርጂኒያ ያለው የውጪ ኮንሰርት ቦታ፣ ዎልፍ ትራፕ፣ ኮንሰርት ከሄዳችሁ የሳሩን ትኬት፣ ማለትም ሳሩ ላይ አንጥፋችሁ የምትቀመጡበትን፣ ቁረጡ። ብዙ ጊዜ ከወንበሩ ይረክሳል፣ ምግባችሁንም ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ግን ሳሩ ተዳፋት ስለሆነ ወጥ አትያዙ፣ ይደፋል። ደረቅ ጥብስ በእንጀራ ጠቅልላችሁ በፎይል አድርጉት፤ እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው፣ ዘፋኙ መድረክ ላይ እስኪወጣ ድረስ ለብ እንዳለ ይቆያል። ከምንጣፉ ሥር ላስቲክ ማንጠፍ እንዳትረሱ፣ ቀን እንደ እሳት ሲያቃጥል የዋለው ሳር ሲመሽ ጤዛ ይይዝና ሳታውቁት ልብሳችሁን ያረጥበዋል። መስከረም ላይ ከሆነ ጋቢም ያዙ። ልጆች ካሉ ደግሞ ከስፒከሩ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ የጆሮ መከላከያም አድርጉላቸው፣ የልጅ ጆሮ ቶሎ ይጎዳል።