በፊልምና በተከታታይ ድራማ እንግሊዝኛ ሲማሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙው ተማሪ ቋንቋውን የሚያውቀው ከመማሪያ መጽሐፍና ከሰሌዳ በመሆኑ፣ አንብቦ በሚገባ የሚረዳው ዓረፍተ ነገር ሰው ሲናገረው ይጠፋበታል። ፊልምና ተከታታይ ድራማ ይህን የጆሮ ክፍተት ለመሙላት የተመቹ ቢሆኑም፣ ለዓመታት እያዩ ያልተሻሻሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ችግሩ በአብዛኛው ከአተያዩ የሚመነጭ ነው።

ዋነኛው ስህተት የሚሠራው በሰብታይትል፣ ማለትም ንግግሩን ተከትሎ ከስክሪኑ ግርጌ በሚወጣው ጽሑፍ፣ አጠቃቀም ላይ ነው። ተራኪ በአማርኛ የሚያስረዳው ትርጉም ፊልም ለመዝናኛ እንጂ ለቋንቋ ትምህርት እንደማይሆን ማንም ያውቃል፤ ድምፁን በእንግሊዝኛ እየሰሙ ጽሑፉን በአማርኛ ማንበብ ግን ትምህርት ስለሚመስል ይበልጥ ያዘናጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ደች (የኔዘርላንድስ ቋንቋ) ተናጋሪ ተማሪዎች ጆሯቸው ያልለመደውን የስኮትላንድና የአውስትራሊያ እንግሊዝኛ ለ25 ደቂቃ ያህል በቪዲዮ እንዲከታተሉ አድርጎ ነበር። በእንግሊዝኛ ሰብታይትል ያዩት አዲስ ንግግር የመለየት ችሎታቸው ሲሻሻል፣ በራሳቸው ቋንቋ ሰብታይትል ያዩት ግን አዲስ ንግግር ሲቀርብላቸው ምንም ሰብታይትል ካልነበራቸውም ያነሰ ውጤት አስመዘገቡ። ምክንያቱ እንግዳው ድምፅ የትኛው ቃል እንደሆነ ለጆሮ የሚጠቁመው የዚያው ቋንቋ ጽሑፍ በመሆኑ ነው።

ይህ ማለት ግን የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከስክሪኑ ግርጌ ፈጽሞ አይነሳ ማለት አይደለም፤ ዓይን ከጆሮ ስለሚቀድም ፊልሙ ቀስ በቀስ የንባብ ልምምድ ሆኖ ያርፋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ የሚሆን ትዕይንት መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ከጽሑፍ ጋር፣ በመጨረሻም እንደገና ያለ ጽሑፍ ማየት አሰልቺ ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ዘዴ ለማግኘት ያዳግታል። መስማት ለተሳናቸው የተዘጋጀው ሰብታይትል ብዙውን ጊዜ የተነገረውን ሳያሳጥር ስለሚያሰፍር፣ ካለ እርሱን መምረጥ ይበጃል።

የፊልም ምርጫም ብዙዎችን ያሳስታል። ተኩስና ፍንዳታ የበዛበት የሁለት ሰዓት ፊልም የሚሰጠው ንግግር ጥቂት ነው፤ ስለ ጥንት ነገሥታት የሚተርከው ደግሞ ዛሬ ማንም የማይናገረውን ቋንቋ ያስተምራል። የሕፃናት አኒሜሽንም እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም፤ ገጸ ባሕርያቱ በቀጭንና በተጣደፈ ድምፅ ይናገራሉ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 የተላለፈው ፍሬንድስ የተሰኘው የአሜሪካ ኮሜዲ፣ ያው ስድስት ሰዎች በያው ቤትና በያው ካፌ ውስጥ ስለ ሥራ፣ ስለ ኪራይና ስለ ፍቅር የሚያወሩበት በመሆኑ ተመሳሳይ ቃላት ደጋግመው ይመጣሉ። የደቡብ ኮሪያው ቢቲኤስ የሙዚቃ ቡድን መሪ አርኤም እንግሊዝኛ የተማረው ከዚሁ ድራማ መሆኑን ተናግሯል፤ መጀመሪያ በኮሪያኛ ሰብታይትል፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያም ያለ ምንም ጽሑፍ ነበር ያየው። የአፍ መፍቻ ቋንቋው የመጣው ለመነሻ ብቻ እንደነበር ልብ ይሏል።

በየቃሉ እያቆሙ መዝገበ ቃላት መግለጥ ታሪኩንም ትምህርቱንም ያበላሻል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ የተደጋገመውን ቃል ብቻ መመዝገብ በቂ ነው።

ከፊልም የሰሙትን ሁሉ በየቦታው መናገር ደግሞ ሰውን የሚያስቀይም ስህተት ነው። አማርኛ «አንተ»ን ከ«እርስዎ» ስለሚለይ ጆሯችን ክብርን የሚፈልገው በተውላጠ ስሙ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ «ዩ» ሲጠቀም ስንሰማ አክብሮት የሌለበት ቋንቋ ይመስለናል። አክብሮቱ ግን «ኩድ ዩ»፣ «ዉድ ዩ ማይንድ» በሚሉት የአጠያየቅ መንገዶች ውስጥ አለ። ወደ አሜሪካ አዲስ የሄደ ሰው የወንበዴ ፊልም አነጋገር ይዞ ሥራ ቦታ ቢገባ፣ «ጎይንግ ቱ» እና «ዎንት ቱ» በንግግር ሲያጥሩ የሚፈጠሩትን «ጎና» እና «ዋና»ን በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ቢጽፍ፣ የሚጎዳው ራሱን ነው።

በዝምታ ብቻ ማየትም አይበጅም። ተዋናዩ የተናገረውን አጭር ዓረፍተ ነገር ተከትሎ ጮክ ብሎ መድገምና በስልክ ቀድቶ ማወዳደር ምላስን ያፍታታል። አይኤልትስ ለተሰኘው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎች በተለይ ወደ ኋላ የመመለሻዋን ቁልፍ እንዳይላመዷት መጠንቀቅ አለባቸው፤ የማዳመጥ ፈተናው ቅጂ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን ያላዩትን ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቆሙ ተከታትለው የተረዱትን በጽሑፍ ማስፈር ይኖርባቸዋል።