ክላውንፊሽ ሲጣላና ሲታመም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ዱባይና ሻርጃ ውስጥ የሰው ቤት አኳሪየም እያጸዳሁና እየጠገንኩ 9 ዓመት ሆነኝ። በአማርኛ ከሚደውሉልኝ ብዙዎቹ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቼ ናቸው። ገንዳውን የገዛው አባወራው፣ የተከለው ሱቁ፣ ዓሣውን የሚወደው ልጁ ነው፤ ዓሣው ሲሞት የምትጠየቀው ግን እሷ ናት። ነጭ መቀነት ስላለው ትንሽ የባሕር ዓሣ፣ ስለ ክላውንፊሽ፣ ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእነሱ ነው፤ ቀጥሎ ቤቱ ገንዳ ላስገባ ወገን ሁሉ።

ጨዋማነቱ በመለኪያው 1.025 አካባቢ (የውሃው አንጻራዊ ጥግግት)፣ ሙቀቱ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ፣ ከቆሻሻ የሚመጡት መርዞች አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆናቸውን ለክታችኋል ብዬ ነው የምነሳው። ያልለካ መጀመሪያ ይለካ።

አንዱ ጥግ ይዞ ቀርቷል፣ ክንፉ ተቦጫጭቋል፣ አይበላም

ከሚደወልልኝ አብዛኛው ይሄ ነው። «ታሟል፣ ምን መድኃኒት ልጨምርበት?» ይሉኛል። ቪዲዮ ላኩልኝ እላለሁ። የማየው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ትንሹ ከላይ፣ ከማሞቂያው ጀርባ ተሸጉጦ ቆሟል። የጅራቱ ጫፍ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተልትሏል። ትልቁ መሃሉን ይዞ ይመላለሳል፤ ትንሹ ለምግብ ብቅ ባለ ቁጥር ተወርውሮ ይደርስበታል። ይሄ በሽታ አይደለም፣ ድብደባ ነው። ለድብደባ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ክላውንፊሽ ሴት ሆኖ አይፈለፈልም። አብረው ከሚኖሩት መካከል ትልቁና ጉልበተኛው ወደ ሴትነት ይለወጣል። ሁለተኛው ባል ይሆናል። የቀሩት ሳያድጉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ተራ ይጠብቃሉ። ሴቲቱ ብትሞት ባልየው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሴት ይሆናል፣ ከሥሩ የነበረው ደግሞ ባል። አንዴ ሴት የሆነ ግን ተመልሶ ወንድ አይሆንም። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ብርቱካናማውም ሆነ እዚሁ ጎረቤታችን ቀይ ባሕር ውስጥ ያለው ባለ ሁለት ነጭ መቀነቱ ሕጋቸው አንድ ነው። ገንዳችሁ ውስጥ ያለው ጠብ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ሥልጣን ነው። ባሕር ውስጥ የተባረረ የሚሄድበት አለው። 100 ሊትር ውስጥ ያለው ግን ከመስታወት ሌላ አያገኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ናቸው?» ብዬ ነው። ሦስት ከሆኑ መልሱን አግኝቻለሁ።

ሻርጃ አንድ አፓርታማ ውስጥ ለሦስት ልጆች ሦስት ክላውንፊሽ ተገዛ። ሻጩ «በቡድን ነው የሚኖሩት» ብሏቸዋል። ግማሽ ዓመት ያህል ምንም አልነበረም፤ ትናንሾች ስለነበሩ ጎን ለጎን ነበር የሚተኙት። ከዚያ ሁለቱ ጎልምሰው ጎጆ ወጡ። ሦስተኛው አንድ ጠዋት ምንጣፉ ላይ ደርቆ ተገኘ። «ክዳኑን ማን ከፈተው?» ተባለ፣ እዚያ ቤት የምትሠራው እህት ላይ ወደቀ። እኔ ስደርስ እያለቀሰች ነበር። ክዳኑ እንደተዘጋ ነው፤ ዓሣው የወጣው ሱቁ ለፊልተሩ ቱቦ ብሎ በቆረጠው፣ ሁለት ጣት በማያስገባው ክፍተት ነው። ክላውንፊሽ እንዲህ የሚዘለው መግቢያ ሲያጣ ነው። ለአባወራው ከቀድሞ ቪዲዮዎቻቸው ላይ ሦስተኛው ለሳምንታት ሲባረር አሳየሁት። ሦስት ክላውንፊሽ አትግዙ። ገዝታችሁ ከሆነ ጠቡ ሳይጀመር አንዱን ለሱቁ መልሱ፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ሁለተኛው ስህተት እኩያ ማጋባት ነው። አንድ የታክሲ ሹፌር ወዳጄ ባልየው ሞቶበት ሴቲቱ ብቻዋን ቀረች። «ትንሽ ከሆነ ትበላዋለች» ብለው እሷን የሚያክል ሸጡለት። ያም ሴት ነበረች። ማታ አስገብቷት ተኛ፤ ጠዋት ሁለቱ አፍ ለአፍ ተናክሰው አገኛቸው፣ የአንዷ ከንፈር ተገንጥሎ ነበር። ምክሩ ግልብጥ ነበር። ለሴት ክላውንፊሽ የምታመጡላት በተቻለ መጠን ትንሹን፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን፣ ገና ምንም ያልሆነውን ነው። ትንሽነቱ ነው የሚያድነው፤ ለሥልጣኗ ስለማያሰጋት።

አገባቡም እንዲሁ ዝም ብሎ አይደለም። ብዙ ቀዳዳ ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ገንዳው ውስጥ ትሰቅሉና ትንሹን እዚያ ታስቀምጡታላችሁ። እሷ ሳጥኑን ትነክሳለች፣ በጅራቷ ትመታለች። ትምታ። ሳጥኑን ለመምታት መምጣቷን እስክትተው፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ አታውጡት። ወዳጄ በኋላ ትንሽ ሲያስገባ 12 ቀን ፈጅቷል። ከዚያ ድንጋዮቹን ቦታ አቀያይሩ፣ ግዛቷ ይደበላለቅባት፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ልቀቁት።

በማግስቱ የምትፈልጉት ምልክት መንቀጥቀጥ ነው። ትንሹ ወደ እሷ ይጠጋና በጎኑ ጋደም ይላል፣ ከአፉ እስከ ጅራቱ ብርድ እንደያዘው ሰው ይርገፈገፋል፣ ቀና ይልና ይሄዳል። «እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ሊሞት ነው መሰለኝ» ብለው በድንጋጤ ይደውሉልኛል። አይደለም። ታላቅነቷን ተቀብያለሁ ማለቱ ነው። ይህን ካያችሁ ሥራችሁ አልቋል። ከመንቀጥቀጡ በኋላም አልፎ አልፎ ብታባርረው አትግቡ። ክንፉ ከተቀደደ፣ መብላት ካቆመ ወይም ቀኑን ሙሉ ላይኛው ጥግ ላይ ከዋለ ግን ወደ ሳጥኑ መልሱት። ለመያዝ በመረብ አታሯሩጡት፤ ማታ ሲተኛ በባትሪ ፈልጋችሁ በኩባያ ቅዱት።

ሦስተኛው ስህተት ዘር መቀላቀል ነው። ጥቁር ቀይ የሆነው፣ ጉንጩ ላይ እሾህ ያለው ማሩን ክላውንፊሽ ከሌላ ዘር ጋር አይቀመጥም። አለቀ።

ታሟል ተብሎ መድኃኒት የተጨመረበትን ገንዳ ደግሞ ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ። የተደበደበ ዓሣ ነበር። ለአንዲት እህት ከሱቅ የመዳብ መድኃኒት ሸጠውላት ዋናው ገንዳ ውስጥ ጨመረች። በማግስቱ ሽሪምፖቹና ቀንድ አውጣዎቹ አለቁ፣ የሞቱት በሰበሱ፣ አሞኒያው ወጣ፣ ሁለቱም ዓሦች ሞቱ። መዳብ ድንጋይና አሸዋ ውስጥ ይሰርጋል፤ ኮራልም፣ አኔሞኒም (ክላውንፊሽ የሚጠለልበት አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ)፣ ሽሪምፕም ይገድላል። ዋናው ገንዳ ውስጥ መዳብ አታስገቡ። ማሸጊያው ላይ «ለኮራል አይጎዳም» የሚል መድኃኒትም አታምጡልኝ፤ እስካሁን ከእነዚህ አንዱ የነጭ ነጠብጣብ በሽታን ሲያጠፋ አላየሁም።

ተስማምተው የኖሩ ጥንዶች በድንገት እጃችሁን መንከስ ከጀመሩ ድንጋዩን በባትሪ እዩ። ብርቱካናማ ፍሬዎች ተደርድረው ካሉ እንቁላል ነው። በሳምንት ወይም በ10 ቀን ይፈለፈላል፤ እስከዚያ በዚያ በኩል አታጽዱ።

ቆዳው ነጭ ዝልግልግ ለበሰ፣ በፍጥነት ይተነፍሳል

ይሄ እውነተኛ በሽታ ነው፤ ጊዜም የለውም። ብሩክሊኔላ ይባላል፤ ክላውንፊሽን አብዝቶ ስለሚይዝ የክላውንፊሽ በሽታም ይሉታል። በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ከባሕር ተይዘው በቅርብ በመጡት ላይ አብዝቼ አየዋለሁ። መጀመሪያ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ መብላት ያቆማል። ከዚያ ከጭንቅላቱ ጀምሮ ነጭ ንፍጥ ይለብስና እንደ ተላጠ ቆዳ እየተንጠለጠለ ይረግፋል። የመተንፈሻ ክዳኑ ያለ ዕረፍት ይከፈታል ይዘጋል። ጠዋት አይታችሁት «ማታ እናያለን» የምትሉት አይደለም፤ በአንድ በሁለት ቀን ይገድላል።

መዳብ ለዚህ አይሠራም። የሚሠራው ፎርማሊን ነው፣ እሱም ከገንዳው ውጭ፣ በባልዲ። ለ10 ሊትር የገንዳው ውሃ 37 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ካለበት ፎርማሊን 1.5 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ለክታችሁ፣ የአየር ፓምፕ በኃይል እየነፋበት፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ። ፎርማሊን ኦክሲጅን ያሳጣል፤ ያለ አየር ፓምፕ ማድረግ መግደል ነው። አጠገቡ ቁሙ፤ ከተገለበጠ ወዲያው አውጡት። ከዚያ ወደ ንጹሕ የለይቶ ማቆያ ገንዳ እንጂ ወደነበረበት አይመለስም። ቆዳው እስኪጠራ በየሁለት ቀኑ ድገሙት።

ፎርማሊን ለሰውም መርዝ ነው፣ ካንሰር አምጪ ነው። ጓንት አድርጉ፣ በረንዳ ላይ ሥሩ፣ ባልዲውን ለሌላ ነገር አትጠቀሙበት። ጠርሙሱ ሥር ነጭ ዝቃጭ ካለው የባሰ መርዛማ ሆኗል፤ አትንኩት። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም አስም ያለባት እህት በምንም ምክንያት አትሥራው። ማዳም ብታዝም እንቢ በሉ፤ ባለሙያ ይጠራ።

ፎርማሊን እስኪገኝ ፋታ የሚሰጥ አንድ ነገር አለ። ክሎሪን የሌለው፣ ሙቀቱና ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ) ከገንዳው ጋር እኩል የሆነ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ያህል መንከር። አያድንም፤ አተነፋፈሱን ያቀልለታል።

ነጭ ነጠብጣብ

ጨው የተነሰነሰበት ከመሰለና ነጥቦቹ የሚቆጠሩ ከሆኑ ክሪፕቶካርዮን የሚባል ተሕዋስ ነው፤ ለማከም ጊዜ አላችሁ። ዱቄት የተነፋበት ከመሰለ፣ በባትሪ ከጎን ስታዩት ወርቃማ አቧራ የሚመስል ከሆነና ትንፋሹ ከፈጠነ አሚሎዲኒየም የሚባል ሌላ ተሕዋስ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይጨርሳል። ሁለቱም በለይቶ ማቆያ በመዳብ ይታከማሉ፤ መጠኑን እንደ ማሸጊያው፣ በየቀኑ በመዳብ መለኪያ እየለካችሁ። በግምት መዳብ የሚጨምር ሰው ወይ ዓሣውን ይገድላል ወይ በሽታውን ይተወዋል። በክሪፕቶካርዮን ጊዜ ዋናው ገንዳ 76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆይ፤ ተሕዋሱ ዓሣ ሲያጣ ያልቃል።

የቀረው በአጭሩ፦ ክንፍ ጫፍ ላይ የአበባ ጎመን የሚመስል እብጠት የቫይረስ ነው፣ ውሃው ጥሩ ከሆነ በራሱ ይጠፋል። ጥቁር ነጠብጣብ አኔሞኒ ወይም ኮራል ሲለምድ የሚወጣ ነው፣ ተዉት። ነጭ ክር የመሰለ ሰገራና ክሳት የሆድ ትል ወይም ተሕዋስ ነው፤ መድኃኒቱ በምግብ ይሰጣል። ማታ በጎኑ ወይም ሽቅብ ቆሞ ቢንሳፈፍ ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው ያለከልካሉ

ይሄ በሽታ አይደለም፣ ቤቱ ነው። መጀመሪያ «ዛሬ ምን ተረጨ?» ብላችሁ ጠይቁ። የበረሮ መርጫ ገንዳውን ይፈጃል። የቡና ዕጣንና የዓረብ ቡኹርም የአየር ፓምፑ ስቦ ውሃ ውስጥ ይከተዋል፤ ፓምፑንና ስኪመሩን (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃ የሚያወጣውን መሣሪያ) ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል አርቁ፣ ወይም ሲጨስ የአየሩን ቱቦ ወደ በረንዳ አውጡት። አንድ ነገር ተረጭቶ ከሆነ ከውሃው ግማሽ ያህሉን በተዘጋጀ የጨው ውሃ ቀይሩ፣ አዲስ ካርበን (መርዝ የሚመጥ ከሰል) ፊልተሩ ውስጥ ክተቱ፣ መስኮት ክፈቱ።

ምንም ካልተረጨ ሙቀቱን እዩ። በሐምሌና በነሐሴ ቤተሰቡ ለዕረፍት ይሄዳል፣ መብራት ለመቆጠብ ኤሲው ይጠፋል፣ ውሃው 33 ዲግሪ ይደርሳል። ሙቅ ውሃ ብዙ ኦክሲጅን አይይዝም። ውሃውም ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም፣ ስለዚህ ጨዋማነቱ ይወጣል። የጎደለውን የምትሞሉት በጨው ውሃ ሳይሆን በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው። የሞቀውን ውሃ ለማቀዝቀዝ በረዶ ገንዳው ውስጥ አትጣሉ፤ በታሸገ ጠርሙስ አቀዝቅዛችሁ አንሳፍፉት፣ በሰዓት ከ1 ዲግሪ በላይ እንዳይወርድ እየለካችሁ። ሻንጣ መታሰር ሲጀምር ደግሞ ለማዳም ቀድማችሁ ንገሩ፦ ገንዳው ያለበት ክፍል ኤሲ 24 ላይ ይቆያል።