የሚያንኮራፋውን ሰው በስልክ ቅዱት

ቤታችሁ ውስጥ በኃይል የሚያንኮራፋ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አጠገቡ አድርጋችሁ ድምፁን ቅዱት። ጠዋት ስታዳምጡት ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ፣ 10 ሰከንድም ከዚያም በላይ ቆይቶ፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ትንፋሹን ስቦ የሚቀጥል ከሆነ ነገሩ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። ጉሮሮ ይዘጋል፣ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ልብ ሌሊቱን ሙሉ ስትደነግጥ ታድራለች። ከባድ በሚባለው ደረጃ ይሄ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ይደጋገማል፤ ሰውየው ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አያስታውስም።

ካልታከመ ደም ግፊት ያመጣል (ሦስት ዓይነት ኪኒን እየዋጡ ግፊታቸው አልወርድ ያላቸውን ሰዎች መጠርጠር ነው)። የልብ ምት መዛባት፣ ስትሮክና የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድልም ይጨምራል። እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ መሪ ይዞ ማንቀላፋት ነው። ሹፌር ከሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ቅጂውን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የጠዋት ራስ ምታትና ቀን ቀን የሚጥል እንቅልፍ ካለም ተናገሩ። እስከዚያው በጎኑ ይተኛ፣ የማታ መጠጥ ይቅርበት፣ የእንቅልፍ ኪኒንም ሐኪም ሳያማክር አይዋጥ።